ኮንታክት "ፍቀድ" ስንል የማንን ቁጥር ነው የምንሰጠው?

ጅማ ውስጥ ስልክ ስትገዙ ብዙ ጊዜ ጂሜሉን የሚከፍትላችሁ ሻጩ ነው። ፓስወርዱን እሱ ያወጣል፣ አፖቹን ከራሱ ስልክ ይልካል፣ "ፍቀድ" የሚል በመጣ ቁጥር እሺ እሺ እያለ ያልፈዋል። የእማዬም ስልክ ከመርካቶ የመጣው እንደዚሁ ተዘጋጅቶ ነው። እማዬ ቡና ትነግዳለች፤ ስልኳ ውስጥ የገበሬው፣ የደላላው፣ የዘመድ አዝማዱ ቁጥር አለ። ያ ሁሉ፣ ማን እንደሠራው እንኳ ለማይታወቅ አፕ ክፍት ሆኖ ሳገኘው በጣም ተናደድኩ።

ከጂሜሉ ጀመርኩ። በራሷ ቁጥር አዲስ ከፈትንና ፓስወርዱን ራሷ አወጣች። ኮንታክቱን ወደ አዲሱ ሳታሻግሩ የድሮውን አካውንት እንዳታወጡ፣ ቁጥሮቹ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ "ፐርሚሽን ማናጀር" ገባን። ሎኬሽን፣ ማይክ፣ ኮንታክት እያለ ማን ምን እንደተፈቀደለት ያሳያል። የባትሪ (የመብራት) አፕ እማዬ ያለችበትን ቦታ ማወቁ ምን ያደርግለታል? እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ብራይተስት ፍላሽላይት የተባለ የባትሪ አፕ የተጠቃሚዎቹን ሎኬሽን ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያቀብል ደርሶበታል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ነበር የጫነው። ጎግል ሴቲንግ ውስጥ "አድስ" የሚለው ጋ ገብተን የማስታወቂያ መለያ ቁጥሯንም አጠፋን፤ አንዱ አፕ ስለ እናንተ ያወቀውን ሌላው ካወቀው ጋር የሚያገጣጥሙበት አንዱ መንገድ እሱ ነው።

እማዬ መጀመሪያ ላይ "እኔ ምን የሚደበቅ ነገር አለኝ ልጄ?" ትል ነበር። የደንበኞችሽ ቁጥር እኮ እነሱ ሳይጠየቁ ነው የሄደው ስላት ግን ስልኩን ተቀብላኝ ፈቃዶቹን ራሷ ታጠፋ ጀመር። ለሌላ ሰው ስታስረዱ ከዚህ ጀምሩ፤ ሰው ለራሱ ባይሳሳ ለደንበኛውና ለጎረቤቱ ይሳሳል።

ሌላው፣ አፑን ከስልክ ማጥፋት የተወሰደውን አይመልስም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ምን መረጃ ይዛችሁብኛል ብሎ የመጠየቅ፣ አጥፉልኝ የማለትም መብት ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ አንዱን አፕ ከማጥፋታችን በፊት "መረጃዬ ይጥፋልኝ" ብለን በእማዬ ስም ለአፑ ባለቤቶች ጻፍንላቸው። መልስ ካልሰጡ አቤቱታችንን ይዘን ወደ ባለሥልጣኑ ነው።