ፖስታውና ደብዳቤው

ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ልቤ አልረጋ ብሎኝ ዋለ። ለጋሼ ልጽፍላቸው ያሰብሁት ደብዳቤ ከቀን ወደ ቀን እየተላለፈ ስለ ቆየ ይሁን፣ ወይም የሰሞኑ ሥራ ስላደከመኝ፣ ለይቼ ማወቅ አልቻልሁም። የማውቀው የኢሜይል ገጹን መክፈት ፈጽሞ እንዳላሰኘኝ ብቻ ነው። ያ ገጽ ለመጻፍ የመጣን ሰው ገና ያልተነበቡ የሌሎች መልእክቶችን ደርድሮ ይቀበለዋል፤ ሰውም የራሱን ቃል ሳይጀምር የሰው ጉዳይ ሲያገላብጥ ይመሽበታል። ስለዚህ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ተርሚናሉን፣ ከፍቼ ቪም በተባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ አንድ ባዶ ፋይል ጀመርሁ።

በዚህ መንገድ፣ ከኮማንድ ላይን፣ የሚላክ ኢሜይል፣ እስኪላክ ድረስ፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ላኪው፣ ተቀባዩና ርዕሱ ከላይ፣ ራስጌ በሚባለው ክፍል፣ በየመስመራቸው ይሰፍራሉ፤ ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር ይተዋል፤ ከባዶው መስመር በታች ያለው ሁሉ የደብዳቤው አካል ነው። የኢሜይልን ቅርጽ የሚወስነው አርኤፍሲ 822 የተባለው ሰነድ በ1982 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ደንግጎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰነዱ በሌሎች ቢተካም ባዶው መስመር ከቦታው አልተነሣም። በዚህ አሠራር ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን የመላኪያው ቁልፍ ከጽሑፉ አጠገብ አለመኖሩን ነው። መጻፍ አንድ ሥራ፣ መላክ ሌላ ሥራ ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል ሰው ፋይሉን ዘግቶ ሊነሣ፣ ሊያስብበት፣ ተመልሶም አንድ ክፉ ዐረፍተ ነገር ሊሰርዝ ይችላል። ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በኔትወርክ የመጀመሪያውን መልእክት በላከ ጊዜም የተጠቀመው በትእዛዝ በሚሠራ ፕሮግራም ነበር፤ በመስኮትና በቁልፍ መላክ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ርዕሱን «ሰላምታ» አልሁት። የደብዳቤው አካል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ኮድ መጻፉን በራስጌው ላይ በአንድ መስመር ካሳወቁ አማርኛው እንዳለ ይሄዳል፤ የርዕሱ መስመር ግን የተሠራው ለላቲን ፊደል ብቻ በነበረበት ዘመን ነውና የእኛን ፊደል በቀጥታ ከማስገባት ይልቅ ቤዝ64 በተባለው፣ ማንኛውንም ጽሑፍ በላቲን ፊደላት፣ በቁጥሮችና በጥቂት ምልክቶች በሚተካ ዘዴ ቀይሮ ማስገባቱ አስተማማኝ ነው። የግእዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚመዘግበው በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት (ባይት የኮምፒዩተር የመረጃ መለኪያ ነው) ይይዛል፤ ቤዝ64 ደግሞ እያንዳንዱን 3 ባይት በ4 ምልክት ይተካል። ስለዚህ «ሰላምታ» 4 ፊደል፣ 12 ባይት፣ 16 ምልክት ሆነች። ውጤቱን ቀረብ ብዬ ስመለከተው አራቱም ፊደላት በ4 ቁጥርና በላቲኑ ዋይ ይጀምራሉ፤ የሚለያዩት በመጨረሻዎቹ ሁለት ምልክቶች ነው፤ አንድ ቤተሰብ መሆናቸው በባዕድ ልብስ ውስጥ እንኳ ይታወቃል። እንዲህ የተለወጠ አንድ ቃል፣ መነሻና መድረሻውን ከሚያመለክተው ማቀፊያ ጋር፣ ከ75 ምልክት እንዳይበልጥ ስለ ተደነገገ በአንዱ ውስጥ የሚገቡት ፊደሎቻችን ከ15 አይዘልሉም፤ ረዘም ያለ ርዕስ የፈለገ ሰው ከፋፍሎ ማስቀመጥ አለበት። ለዚህ ሁሉ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ መት የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ብቻውን ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን በእጄ መሥራቱ ልቤን አሳረፈው።

ለመላክ የምጠቀምበት ኤምኤስኤምቲፒ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የተሰጠውን ደብዳቤ ለሰርቨሩ፣ ማለትም ደብዳቤ ለሚያደርሰው ኮምፒዩተር፣ ያስረክባል እንጂ የተላኩ መልእክቶችን የሚያኖርበት ማኅደር የለውም። ቅጂ እንዲቀርልኝ ስል የራሴን አድራሻ በስውር ግልባጭ መስመር፣ ማለትም ሌሎቹ የማያዩት ተቀባይ በሚጻፍበት መስመር፣ ላይ አስገባሁ፤ ተቀባዮቹን ከራስጌው ራሱ እንዲያነብ አዘዝሁት፤ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረውንም አንድ በአንድ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። በወትሮው ይህን አላደርግም።

ንግግሩ በመስኮቱ ላይ ወረደ። የሰርቨሩ ቃል ወደ ግራ፣ የእኛ ወደ ቀኝ በሚያመለክት ቀስት ይጀምራል። በመጀመሪያ ሰርቨሩ 220 ብሎ ራሱን አስተዋወቀ፤ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ንግግሩ ሌላ ሰው እንዳያነበው በምስጢር ከተቆለፈና ማንነቴ ከተረጋገጠ በኋላ «ሜይል ፍሮም» የሚለው ትእዛዝ የላኪውን አድራሻ ይዞ ሄደ። ቀጥሎ «አርሲፒቲ ቱ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ወጡ፤ አንደኛው የጋሼን፣ ሁለተኛው የእኔን አድራሻ የያዘ ነበር። ለእያንዳንዱ 250 የሚል የእሺታ መልስ መጣ፤ ለ«ዳታ» ደግሞ 354፣ ማለትም «ደብዳቤውን አምጣ» የሚል። ደብዳቤው አለፈ፤ በስተመጨረሻ ብቻዋን በአንድ መስመር ላይ የቆመች ነጥብ ማብቃቱን አስታወቀች፤ ሰርቨሩም 250 አለ። ይህ የመጨረሻው 250 ቀላል ቃል አይደለም። የ2008 እ.ኤ.አ. ሰነድ አርኤፍሲ 5321 እንደሚለው ሰርቨሩ ይህን ካለ በኋላ ወይ ደብዳቤውን የማድረስ፣ ወይ አለመድረሱን የማሳወቅ ኃላፊነት ወድቆበታል፤ መንገዱ ቢዘጋበት እንኳ በትንሹ ከ4 እስከ 5 ቀን እየደጋገመ መሞከር ይጠበቅበታል። በሰው ዘንድ እንዲህ ያለ እሺታ ብርቅ ነው።

ዓይኔ የቀረው ግን በእነዚያ ሁለት መስመሮች ላይ ነው። ሰርቨሩ ደብዳቤውን ለማን እንደሚያደርስ የሚያውቀው ከእነርሱ ነው እንጂ ከራስጌው አይደለም። ራስጌው የደብዳቤው ክፍል ነው፤ «አርሲፒቲ ቱ» ግን የፖስታው ጽሑፍ ነው። ሰርቨሩ ፖስታውን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ በውስጡ ለማን እንደተጻፈ ገልጦ አይመረምርም። ስለዚህ በራስጌው ላይ የጋሼን ስም ጽፎ በፖስታው ላይ የራስን አድራሻ ብቻ ማስፈር ይቻላል፤ ደብዳቤው ለእሳቸው እንደተጻፈ ሆኖ ወደ እኔ ይመጣል፣ እሳቸው ግን መኖሩን እንኳ አያውቁም። ስውር ግልባጭ የሚሠራውም በዚሁ ልዩነት ነው፤ ኤምኤስኤምቲፒ ያን መስመር ከደብዳቤው ላይ አንሥቶ በፖስታው ላይ ብቻ ያስቀረዋል።

ፖስታው ደግሞ አይቀመጥም። የመጨረሻው ሰርቨር ደብዳቤውን በሳጥኑ ሲያኖር የላኪውን የፖስታ አድራሻ በአናቱ ላይ ይመዘግባል፤ የተቀባዮቹ ዝርዝር ግን ከፖስታው ጋር ይጠፋል። ይጥፋ መባሉም በአጋጣሚ አይደለም፤ ዝርዝሩን ወደ ራስጌው መገልበጥ ስውሩን ተቀባይ ሊያጋልጠው እንደሚችል ያው አርኤፍሲ 5321 ያስጠነቅቃል። ለስውሩ ሰው የተደረገውን ይህን ጥንቃቄ ተረድቼዋለሁ፤ አከብረዋለሁም፤ ስማቸው ለብዙ ሰው እንዳይገለጥ የሚጠበቁ ተቀባዮች አሉና። ደብዳቤው በስሙ ስለ ተጻፈለት ሰው ግን ማን ያስብለታል?

የእኔ አድራሻ በሁለተኛው መስመር ላይ መኖሩ ማንንም አይጎዳም፤ የጻፍሁትን ቃል እኔው ባነብበው ነውር የለበትም። ነገር ግን በዚያ መስመር ላይ የእኔ ሳይሆን የሌላ ሰው አድራሻ ቢኖር ኖሮ፣ ለተቀባዩ የሚደርሰው ደብዳቤ ከራስጌው እስከ መጨረሻው ቃል ያው በሆነ ነበር። ከዚህ ቀደም የደረሱኝን፣ «ይህን የምነግርህ ለአንተ ብቻ ነው» የሚል ቃል ያለባቸውን ደብዳቤዎች አሰብሁ። ሙሉ ራስጌያቸውን ባወጣ ያለፉባቸውን ሰርቨሮች፣ የደረሱበትን ሰዓትና ደቂቃ፣ የላኪውን አድራሻ ሁሉ አገኛለሁ። ከእኔ ጋር ሌላ ማን እንዳነበባቸው ግን የሚነግረኝ መስመር የለም። እንዲህ ያለውን ቃል የሚጽፍልኝ ሰው እውነቱን መሆኑን፣ ከሰውየው ጠባይ በቀር፣ በምን ላውቅ እችላለሁ?