ልጅሽ ስንት ሰዓት ትተኛለች?

ባለፈው እሑድ ታናሽ እህቴ ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። ልጇ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ አሥራ አንደኛ ስትገባ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን መያዝ አለባት። «እትዬ፣ ናቹራል ነው የምናስገባት፤ ጎበዝ ልጅ ናት» አለችኝ። ቀጥላም «መቼም እናንተ ዘንድ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ደስ ያላቸውን እየመረጡ ይማራሉ» ስትል ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ።

እውነት ነው፣ ይመረጣል። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ጥር አካባቢ ተማሪው የሚቀጥለውን ዓመት ትምህርቶች ዝርዝር ይዞ ቤቱ ይመጣል። አንዱ ትምህርት በተለያየ ክብደት ይሰጣል፤ ከሁሉም የሚከብደው ኤፒ የሚሉት በኮሌጅ ደረጃ የተዘጋጀው ነው። የኤፒ ፈተና ከ1 እስከ 5 ይታረማል፤ ብዙ ኮሌጆች 3 እና ከዚያ በላይ ላመጣ ተማሪ ኮርሱን እንደ ተማረ ይቆጥሩለታል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በመደበኛው ክፍል የተገኘ ኤ 4 ነጥብ ሲይዝ የኤፒው ኤ 5 ይይዛል። እኛ ይህን የሰማን ቀን ሰላም አጣን። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ «ያንቺ ልጅ ስንት ኤፒ ያዘች?» እንባባላለን፤ ልጆቹ አጠገባችን ቆመው ይሰማሉ።

የእኔ ልጅ የያዘችው አምስት ነበር። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ካልኩለስ፣ የአሜሪካ ታሪክ፣ እንግሊዝኛ። አራቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሷ በራሷ እጅ ጽፋው የነበረው አንድ ትምህርት ሸክላ ሥራ ነበር፤ እሱን እኔ ሰረዝኩት። «ሸክላ ለመሥራት ነው ባሕር የተሻገርነው?» አልኳት። ይህ ቃል ከየት እንደ ወጣ አውቀዋለሁ። በእኛ አገር ምጣዱንና ጀበናውን የምትሠራልንን ሴት ቡዳ ናት እያልን፣ ከእሷ ጋር ማዕድ ሳንቆርስ ኖረናል። የእጇን ሥራ በየቀኑ እየተጠቀምን እሷን ንቀናል። እኔ ያንን ንቀት በሻንጣዬ ይዤ መጥቼ ለልጄ አወረስኳት።

ደግሞ የራሴ ታሪክ አለ። እኔ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ስማር ከሁለት ልጆች ጋር የጓሳ ሣር የተከደነች አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ቅዳሜ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግር ተጉዤ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እሑድ ቆሎና በሶ ተሸክሜ በዚያው መንገድ እመለሳለሁ። የመንዝን ውርጭ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በኩራዝ ያጠና ሰው መብራትና ማሞቂያ ያለው ቤት ውስጥ ያለች ልጅ ትደክማለች ብሎ አያስብም። እኔም አላሰብኩም።

ከምርጫው ወረቀት ጋር አንድ ሰንጠረዥ ነበረ። ተማሪዋ የቀኑን 24 ሰዓት በምን በምን እንደምታሳልፍ ትሞላለች፣ ወላጅ ይፈርማል። እኔ ሳላነበው ፈረምኩ። በማግስቱ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጠራችን። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ደመረችው፤ ትምህርት ቤትና አውቶቡስ 8 ሰዓት ተኩል፣ የቤት ሥራ 6፣ ማጠናከሪያ 2፣ ምግብና መታጠቢያ 2፣ የቤት ውስጥ ሥራና መዝሙር 1 ሰዓት ተኩል። ድምሩ 20 ሆነ። የእንቅልፉ ቦታ ባዶ ነበር።

«ልጅሽ ስንት ሰዓት ትተኛለች?» አለችኝ።

«ስምንት» አልኩ።

ልጄ አንገቷን ደፍታ «አራት» አለች።

ሴትየዋ አልተቆጣችኝም፤ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ነገር ግን ፊርማዬ እዚያው ከሰንጠረዡ ሥር ነበር። እኔ የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ የሌሊት ተረኛ ነኝ። በየሁለት ሰዓቱ በየክፍሉ እየዞርኩ ማን እንደ ተኛ፣ ማን እንደ ነቃ እመዘግባለሁ። የማይዛመዱኝን ሰዎች እንቅልፍ በጽሑፍ አውቃለሁ፤ የልጄን ግን ለሰው ስትናገር ሰማሁ። ከዚያ ክፍል እንዴት እንደ ወጣሁ አላስታውስም። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ካሊፎርኒያ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀምሩ በሕግ ከልክላለች። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ችግሩን ያውቁታል። እያወቁት ግን ኮሌጁ ከሚገኘው ትምህርት ከባዱን ወስደሃል ወይ ብሎ ልጁን ይመዝናል፤ የልጄ ትምህርት ቤትም 1፡45 ላይ ይደውላል። ዕረፍትን በወረቀት ይጠይቃሉ፣ ሽልማቱን ላልተኛው ይሰጣሉ።

የእኛም አይሻልም። እዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ፈተና ላይ ይንጠለጠላል። በእኛ አቆጣጠር በ2014 የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የመልቀቂያ ፈተናቸውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ከሰሜን ሸዋ የደወለልኝ ዘመድ ሁሉ ያለቅስ ነበር።

ልጄ በመጨረሻ ሁለት ኤፒ ያዘች፤ ታሪክና እንግሊዝኛ። ሸክላውም ተመለሰ። ጠንካራ ትምህርት አልጠላሁም፤ ልጄ ጎበዝ ናት፣ መጎበዟም ያኮራኛል። አሁን ግን ከሥራ ስመለስ በሯን ቀስ ብዬ ከፍቼ አያለሁ።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመምጣት የምታስቡ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ውጤት በእጃችሁ ይኑር፤ ለምረቃ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ልጁ ቋንቋውንም አገሩንም ጓደኛውንም በአንድ ጊዜ ይማራል፤ በዚያ ላይ አምስት ኤፒ አትጫኑበት። ቤተ ክርስቲያን የሰማችሁትን ቁጥር ይዛችሁ አማካሪ ዘንድ አትሂዱ። ሰንጠረዥ ከሰጡአችሁ ደምሩት። የሌሊት ሥራ ከያዛችሁ ደግሞ፣ ብትችሉ ቢያንስ በፈተና ሰሞን ፈረቃ ለውጡ።

ለእህቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። «እስቲ ልጅቷን ስጪኝ» አልኳት። ሰላምታ ተለዋውጠን ምን መማር እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«አክስቴ፣ እኔ የምወደው ጂኦግራፊ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

ከኋላዋ የእህቴ ድምፅ ተሰማኝ፤ «ምን አለቻት? ምን አለቻት?»