ስድስት ማኅደር ከፍቼ በአንድ ወረቀት የተካሁበት የመርጃ መሣሪያ ዕቅድ

አንድ ክፍል ይዤ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥዕልና ሰውነት ማጎልመሻ ብቻዬን ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ማኅደር ከፍቼ የየምዕራፉን መርጃ መሣሪያ፣ ማለትም ለማስተማር የሚረዳኝን ዕቃ፣ ዘርዝሬ ነበር። ዝርዝሩ የተሟላ ይመስል ነበር፤ ሆኖም ስድስቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸው ስለማላውቅ፣ አራት ዝግጅቶች በአንድ ሳምንት መደራረባቸውን የማውቀው ዋዜማው ላይ ነበር።

ጉድለቱን ያሳየኝ የባቄላ ዘር ነው። የዕፅዋትን ክፍሎች ረቡዕ ላስተምር አቅጄ፣ ዘሩን በብርጭቆውና በረጠበ ወረቀት መካከል ያኖርኩት ሰኞ ነበር። ረቡዕ ዕለት ዘሩ ውኃ ጠጥቶ ከማበጡ በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም፤ እኔም ሥርና ግንዱን በጠመኔ ስዬ ክፍለ ጊዜውን ጨረስኩ። ዕቅዴ ትምህርቱ የሚሰጥበትን ቀን እንጂ ዝግጅቱ የሚጀመርበትን ቀን አልያዘም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳምንታቱን በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ አግድም፣ ትምህርቶቹን ቁልቁል አሰፈርኩ። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ አስቀድሜ የጻፍኩት የዕቃውን ስም ሳይሆን ተማሪው በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሠርቶ ሊያሳይ የሚገባውን ነው። ይህ ቅደም ተከተል ብቻውን ከዝርዝሬ ብዙ ነገር አስወጣ፤ በተለይ ግድግዳ ከማስዋብ ያለፈ ጥቅም ያልነበራቸውን ባለቀለም ሰንጠረዦች (ስንት ሌሊት አምሽቼባቸዋለሁ!)። በሣጥኑ ጥግ ዝግጅቱ የሚጀመርበትን ቀን በቀይ እጽፋለሁ፤ የባቄላው ቀይ ቀን ከትምህርቱ 10 ቀን ይቀድማል።

ወረቀቱ ሲሞላ በሒሳብ የርዝመት ልኬት ከባቄላው በሁለት ሳምንት ብቻ እንደሚርቅ አየሁና አቀራረብኳቸው። ልጆቹ ቡቃያውን በየሁለት ቀኑ በሴንቲ ሜትር እየለኩ በግራፍ አሰፈሩ፤ ያዩትን በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ጻፉ፤ በሥዕል ክፍለ ጊዜ ሣሉ። አንዱን ብርጭቆ በጎኑ ባስተኛነው ጊዜ ሥሩ ጫፉን አጥፎ ዳግመኛ ወደ ታች ማደግ ጀመረ፤ «ታች የት እንደሆነ በምን አወቀ?» የሚለው የአንድ ልጅ ጥያቄም የቀረውን ክፍለ ጊዜ ወሰደብኝ። ኅብረተሰብንም ከዚሁ ጋር ላጣብቅ ሞክሬ ነበር፤ አልያዘም፤ ተውኩት። መደመር ከመቀነስ እንደሚቀድም ሁሉ፣ ለማቀናጀት ሲባል ሊናጋ የማይገባው የየትምህርቱ ቅደም ተከተልም አለ።

ብዙ ያስቸገረኝ የብዛት ጉዳይ ነው። የአንድ ቤትና የአሥር ቤት ዋጋን በእንጨት ለማሳየት አንድ ቡድን እስከ 99 መቁጠር ካለበት አሥር አሥር ሆነው የታሰሩ 9 እስሮችና 9 ነጠላ እንጨት ያስፈልገዋል። 45 ተማሪዎች በአምስት አምስት ሲመደቡ 9 ቡድን ስለሚሆኑ 891 እንጨት ይጠየቃል፤ የነበረኝ 300 ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ልጅ ነገርን በድርጊት፣ በሥዕልና በምልክት እንደሚወክል የጻፈው እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ሦስት ቡድን በእንጨት፣ ሦስቱ በሥዕል፣ ሦስቱ በአሃዝ እየሠሩ በመፈራረቃቸው ሦስት ስብስብ፣ ማለትም 297 እንጨት በቃኝ። ፍርርቁ እንከን አለው፤ ከአሃዝ የሚጀምር ቡድን ገና ያልዳሰሰውን ይጽፋል። ስለዚህ አሃዝ የቀለላቸውን ከዚያ አስጀምሬ፣ የሚቸገሩትን ከእንጨቱ አስጀመርኩ።

እያንዳንዱ ስብስብ በራሱ ከረጢት፣ ብዛቱ በላዩ ተጽፎ ይቀመጣል። ሲመለስ የሚቆጥረው ቡድኑ ራሱ ሲሆን፣ 97 በሆነ ቀን ሁለቱን ፍለጋ ዴስክ ሥር የሚገባ አይጠፋም።