ማን ተናገረ፣ ማን ሰማ፦ «ዉዘሪንግ ሃይትስ»ን ከአንድ የፍቅር ግጥም ጋር ያነጻጸርኩበት መንገድ

የትረካ ስልት ላነጻጽር ብዬ ከኤሚሊ ብሮንቴ ልብ ወለድ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» (እ.ኤ.አ. 1847) ጎን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት የኤልዛቤት ባሬት ብራውኒንግን 43ኛ ሶኔት (ባለ 14 ስንኝ ግጥም) ነበር። አላዋጣም። ስንኞቹ ሁሉ ፍቅርን ይቆጥራሉ እንጂ የሚፈጸም ነገር የለባቸውም፤ ድርጊት በሌለበት የትረካ ስልት መፈለግ ውሃ መውቀጥ ነው። ስለዚህ ወደ ሮበርት ብራውኒንግ «የፖርፊሪያ ፍቅረኛ» (1836) ዞርኩ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከመንገሧ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣ ቢሆንም በ60 ስንኝ ሙሉ ታሪክ ይዟል፦ ሴቲቱ ፖርፊሪያ በዝናብ ወደ ፍቅረኛዋ ትመጣለች፣ እሳቱን ታቀጣጥላለች፣ 41ኛው ስንኝ ላይ ሰውየው በገዛ ፀጉሯ ያንቃታል።

ከልብ ወለዱ 34 ምዕራፎች 9ኛውን ብቻ ወሰድኩ፤ ካትሪን የልቧን ለቤት ሠራተኛዋ ለኔሊ ዲን የምታዋይበትን። ከዚያ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ማን ተናገረ፣ ለማን፣ ከድርጊቱ ስንት ጊዜ በኋላ፣ ሌላስ ማን ሰማ።

የልብ ወለዱ ዓምዶች ወዲያው ሞሉ። ካትሪን ለኔሊ፣ ኔሊ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይታ ለቤት ተከራዩ ለሎክውድ፣ ሎክውድ ለእኛ። እሱም 15ኛው ምዕራፍ ላይ የኔሊን ቃል ጥቂት እንዳሳጠረው ራሱ ይናገራል። አራተኛው ዓምድ ግን ከሁሉም በላይ ነው፦ ካትሪን የምትወደው ሂትክሊፍ፣ እሱን ማግባት እንደሚያዋርዳት ስትናገር ሰምቶ ወጣ፤ «እኔ ሂትክሊፍ ነኝ» ስትል ግን የለም። ኔሊ ሲወጣ አይታዋለች፣ ወዲያው ግን አልነገረቻትም። የተራኪዋ ዝምታ ታሪኩን አዞረው። በግጥሙ ይኸው ዓምድ ባዶ ሊቀር ሲል የመጨረሻው ስንኝ ሞላው፦ እግዚአብሔር አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም።

ትልቁ ስሕተት የመጣው ከአማርኛ ማስታወሻዬ ነው። እንግሊዝኛው ፖርፊሪያ ሰውየውን እንደምትወደው ማንሾካሾኳን ብቻ ያወራል፤ ቃሏን አይሰጠንም። እኔ ግን «እወድሃለሁ እያለች» ብዬ ጻፍኩ፤ ለጆሯችን የሚጥመው እንዲህ ነዋ! በዚህም ግጥሙ የነፈጋትን አንደበት እኔ ሰጠኋት፣ የመጀመሪያው ረቂቄም «ሁለቱም ሥራዎች ሴቲቱ በገዛ ቃሏ እንድትናገር ያደርጋሉ» የሚል ውሸት ይዞ ወጣ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማስታወሻውን ትቶ ዋናው ጽሑፍ ላይ ቀጥተኛ ንግግርን በቀይ፣ በተራኪ አፍ የተወራውን በሰማያዊ ማስመር። የካትሪን ኑዛዜ ቀይ በቀይ ሆነ። ግጥሙ ውስጥ አንድም ቀይ መስመር የለም።

ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ እዚህ ኅብረ ቃል ሲፈልግ ይደክማል። 41ኛውና 42ኛው ስንኝ ላይ ሰውየው ሕመም እንዳልተሰማት ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ይናገራል፤ የሚያጋልጠው ድግግሞሹ ነው። «እኔ» የሚለውም ብራውኒንግ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው አንቀጽ ማስቀመጥ ይበጃል።

ሲጻፍ ልብ ወለዱን ጨርሶ ወደ ግጥሙ መሻገር ሁለት ጽሑፍ ያስወጣል፤ አንድ አንቀጽ ለአንድ ዓምድ፣ ሁለቱንም ይዞ።

ቤት አመታቱን መጨረሻ ላይ ያየሁት አማራጭ ስላልነበረኝ ነው፤ ልብ ወለዱ ቤት አይመታማ። ግን ግጥሙ አምስት አምስት ስንኝ እየያዘ አንደኛውን ከሦስተኛው፣ ሁለተኛውን ከአራተኛውና ከአምስተኛው ጋር ይገጥማል፤ ግድያው ላይ ዓረፍተ ነገሩ ስንኙ መሐል ቢቆረጥም ቤቱ አይናጋም። ወደ 9ኛው ምዕራፍ ስመለስ ተመሳሳዩን እርጋታ አገኘሁት፦ ካትሪን ስትገባ ኔሊ ሕፃኑን ጭኗ ላይ እያወዛወዘች ታንጎራጉራለች።