ሪፖርቱ 12፣ ጣት 5

ረቡዕ ጠዋት ነው፣ ፒያሳ አካባቢ በምንሠራበት ሆስፒታል። ታካሚዎችን ዞረን ከማየታችን በፊት ሬዚደንቶችን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞችን) እና ኢንተርኖችን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎችን) ሰብስቤ ሬክተምን፣ ማለትም የትልቁን አንጀት መጨረሻ ክፍል፣ ሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው። ከፊንጢጣ ጫፍ ወደ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሦስት ከፈልኩት። የካንሰር ዕጢው የትኛው ሲሶ ላይ እንዳለ ሳታውቁ ስለ ሕክምናው አታውሩ አልኳቸው። ላይኛው ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ይኬዳል። መሃልና ታች ሆኖ የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ከወጣ ግን ጨረርና ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ይቀድማሉ።

አንዲት ኢንተርን እጇን አወጣች። «ዶክተር፣ አልጋ 7 ያሉት አባት በፊንጢጣ በኩል በጣት ታይተዋል?»

ሁሉም ዝም አለ። ሰውየው በማግስቱ ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ነበር። የኮሎኖስኮፒው (አንጀት ውስጥ ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብቶ የማየት ምርመራ) ሪፖርት ዕጢው 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ይላል፤ ሬዚደንቱ ያንኑ ቻርት ላይ ገለበጠ፣ እኔም አምኜው ስማቸውን የቀዶ ጥገና ዝርዝሩ ውስጥ አስገባሁ።

ተያይዘን ሄድን። መጋረጃ ተሳበ፤ በግራ ጎናቸው ተኝተው ጉልበታቸውን አጠፉ። ሬዚደንቱ ጣቱን እንዳስገባ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ጓንት አጥልቄ ነካሁት፦ ጠርዙ ያበጠና የጠነከረ፣ መሃሉ የጎደጎደ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ። 12 ላይ ቢሆን ጣቴ አይደርስበትም። ኮሎኖስኮፕ ተጣጣፊ ነው፤ አንጀት ውስጥ ሲጠማዘዝ ርቀቱን ያበዛዋል። ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ!

«ልጄ» አሉኝ ልብሳቸውን እየሰበሰቡ፣ «ስምንት ወር ኪንታሮት ነው እየተባልኩ ቅባት ስቀባ ከረምኩ። እንዲህ ብሎ ያየኝ የለም።» ይህ ንግግር ዛሬም ያመኛል። ጓንትና ትንሽ ጄል እንጂ ሌላ ምን ይፈልግ ነበር?

ስማቸው ከዝርዝሩ ወጣ። ኤምአርአዩ ዕጢው ግድግዳውን ጥሶ በዙሪያው ወዳለው ስብ መግባቱን አሳየ። ጨረር ከኬሞ ጋር ከአምስት ሳምንት በላይ ወሰዱ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሰገራ በሆድ በኩል ወደ ከረጢት ሊወጣ እንደሚችል ነገርኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎንበስ ብዬ መስፋት እችላለሁ?» አሉ። እንደሚችሉ ነገርኳቸው። ኢንተርኗ ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻቸው፤ የስፌት መኪናቸው ፊት እንዳሉ አድርገው እንዲያጎነብሱ ጠየቀቻቸውና፣ ለከረጢቱ የሚሆን፣ ቆዳቸው የማይታጠፍበትን ቦታ ፈልገን በእስክሪብቶ ምልክት አደረግንበት።