በደረቅ ወንዝ የሰመጠው ሰው፦ ሦስተኛው ረቂቅ

ባለፈው ጊዜ «ሁለተኛው ረቂቅ አለቀ» ብዬ ፎክሬባችሁ ነበር። አላለቀም። ፈርሷል። እንዴት እንደፈረሰ ልንገራችሁ፤ የወንጀል ታሪክ ለምትሞክሩ ሳይጠቅማችሁ አይቀርም።

ለአዲሶች፦ ታሪኩ ድሬዳዋ ነው። ሌሊት ጎርፍ ያልፋል። ጠዋት የአንድ ነጋዴ አስከሬን ደቻቱ አሸዋ ላይ ይገኛል። ሰፈርተኛው «ጎርፍ በላው» ብሎ እርሙን ያወጣል። ያላመነችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ወንዙ ዳር ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ። መርማሪዬ እሷ ናት።

ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለይ ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ውሃው የሚወርደው ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ነው። ስለዚህ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 1998 ሌሊት የሆነውን የከተማው ሰው አይረሳውም፤ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። ታሪኬን ከዚያ ሌሊት ሆን ብዬ አርቄዋለሁ። በሰው ሐዘን ላይ እንቆቅልሽ መጫወት ከበደኝ።

ወደ ስህተቴ ልምጣ። ገዳዩ ነጋዴውን ግቢ ውስጥ በውሃ በርሜል ደፍቆ ይገድለዋል፤ ጎርፉ ሲደርስ ይጥለዋል። ፍንጬ ኪሱ ነበር። ቡና ሻጯ የሟቹን ኮት ኪስ ስትገለብጥ አሸዋ አጣች፣ ነቃች። እንዲያውም ሙከራ ሠርቻለሁ። አሮጌ ጃኬቴን የደቻቱ አሸዋ በበዛበት ባልዲ ነክሬ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት። ኪሱ ስፌት ውስጥ አሸዋው አልወጣም። እናቴ ስላባከንኩት ውሃ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

በደስታ ምዕራፉን ነርስ ለሆነች ጓደኛዬ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ «አቦ፣ ሬሳውን ጎርፍ ውስጥ ጣሉት አላልክም? ታዲያ አሸዋው የሬሳ ኪስ አይገባም ያለህ ማነው?» አለችኝ።

አለቀ። የሁለት ወር ሥራ በአንድ ጥያቄ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ሰምጦ መሞትን ማረጋገጥ ለሐኪምም ፈተና ነው ለካ። አፍና አፍንጫ ላይ የሚታየው አረፋ ምልክት ነው፤ ግን በልብ ሕመም ወይም በመድኃኒት ብዛት የሞተ ሰው ላይም ይታያል። የእጅ መዳፍ መጨማደድ ደግሞ ውሃ ውስጥ መቆየትን እንጂ በውሃ መሞትን አያሳይም። ልብስ የሚያጥብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዳያተም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ መስታወት ያለ ቅርፊት ያላቸው የውሃ ተሕዋስያን አሉ። ሰውየው ሲሰምጥ ልቡ ይመታ ከነበረ በደም ተጉዘው መቅኒው ድረስ ይገባሉ። እሱም ቢሆን ባለሙያዎችን ያከራክራል። ደለልም አፍ ውስጥ ብቻ ከተገኘ ዋጋ የለውም፤ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ዘልቆ ሲገኝ ነው የሚያናግረው።

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ቡና ሻጯ መቅኒ በምን ታያለች?

መውጫውን ያገኘሁት ከአንድ የድሮ የእንግሊዝ ጉዳይ ነው። ጆርጅ ጆሴፍ ስሚዝ ከ1912 እስከ 1914 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሦስት «ሚስቶቹን» በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገደለ። እያንዳንዷ «በአደጋ» ተብላ ተቀበረች። ነገሩን ያፈነዳው የአስከሬን ምርመራ አልነበረም። የሦስተኛዋን ሞት ጋዜጣ ላይ ያነበቡ ሰዎች ከቀድሞው ሞት ጋር መመሳሰሉን አይተው ለፖሊስ ጻፉ። አንዷ ሴት የሞተችበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት እንኳ ጽፏል። ተራ ሰው፣ ጋዜጣ በእጁ። ስሚዝ በ1915 ተሰቀለ።

እናም ሬሳውን ተውኩት። ቡና ሻጯ የምታየው መንገዱን ነው። ለገዳዩ ቁልፉ ጎርፉ መቼ እንደሚደርስ ማወቅ ነው፤ ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይህን የሚያውቀው ከላይ የወረደ ሰው ነው። ስለዚህ በዚያ ምሽት አንድ አይሱዙ ቡና ቤቷ ፊት ይቆማል። ሾፌሩ ቡና ይጠጣል፣ ስለ ሙቀቱ ያማርራል፣ ይሄዳል። የጭነቱ ሸራ ግን ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

ለነርሷ አነበብኩላት። ዝም አለች፤ ከእሷ አፍ ይሄ ሙገሳ ነው። ቀጥላ ግን «ሸራው እርጥብ መሆኑን እንደጻፍከው ወዲያው ገባኝ» አለች። አሁን ሁለተኛውን ምዕራፍ እየጻፍኩ ነው እንደገና፤ ጠብታው ቡና ሻጯ የዘረጋችው ቄጤማ ላይ ወድቆ፣ እሷም በሚላላካት ልጅ ላይ ተቆጥታ ታልፋለች። ውሃ የደፋው እሱ መስሏት።