ያላየኋቸው ሁለት መስመሮች

ትናንት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አልተኛሁም። የምጽፋት ትንሽ የሊኑክስ ከርነል ሞጁል ናት ያስቀረችኝ፤ የሊኑክስ እምብርት በሆነው በከርነሉ ላይ የምትጫን ቁራጭ ፕሮግራም ማለት ናት። ሥራዋ ቀላል ነው። ከተጠቃሚው ፕሮግራም የመዝገብ ብዛት ትቀበላለች፤ ለእያንዳንዱ 16 ባይት አስባ ኬማሎክ በሚባለው የከርነሉ ፈንክሽን ሜሞሪ ትጠይቃለች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማባዛቱን ነበር። ብዛቱም መጠኑም ባለ 32 ቢት ቁጥሮች ናቸው። አንድ ተንኮለኛ 268,435,457 መዝገብ ቢልልኝ፣ ብዜቱ ከ32 ቢት በላይ ይሄድና የሚተርፈው 16 ብቻ ይሆናል። ከርነሉ 16 ባይት ይሰጠኛል። የእኔ ኮድ ግን 4 ጊጋባይት ተሰጠኝ ብሎ የሰው ሜሞሪ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ስለዚህ ከ2,048 መዝገብ በላይ የጠየቀ ገና ከበሩ እንዲመለስ አደረግኩ። ኬማሎክንም ብዜቱን ራሱ በሚቆጣጠረው በኬማሎክ አሬይ ቀየርኩት። ነል፣ ማለትም ሜሞሪ አልተገኘም የሚል ባዶ መልስ፣ ከመጣ ደግሞ ስህተት መልሶ መውጣት፤ ሁለት መስመር። በቃ፣ ጨረስኩ አልኩ።

ግን እነዚያ ሁለት መስመሮች አንድም ቀን ሠርተው አያውቁም! ሊኑክስ እንዲህ ላለ ትንሽ ጥያቄ እምቢ አይልም ማለት ይቻላል። ሜሞሪ ቢያጥረው እንኳ ሌላ ፕሮግራም ገድሎም ቢሆን ፈልጎ ያመጣል። ደግነቱ ከርነሉ ውስጥ ፌይልስላብ የሚባል ነገር አለ፤ ሆን ብሎ ጥያቄን ያከሽፋል። አበራሁት። ሞጁሏ አንዴ ስህተት መለሰች፣ በሁለተኛው ጥሪ ቀጥ አለች። የምሞክረው ኪሙ በሚባለው ምናባዊ ኮምፒውተር ውስጥ ባይሆን ላፕቶፔን ዳግም ሳስነሳ ማደሬ ነበር።

ለካ ሜሞሪውን ከመጠየቄ በፊት ሙቴክሱን፣ በአንዴ አንድ ጠሪ ብቻ የሚያሳልፈውን ቁልፍ፣ ሎክ አድርጌዋለሁ። ነል ሲመጣ ሳልፈታው ወጣሁ። ቀጣዩ ጠሪ እዚያው ተገትሮ ቀረ። ጥንቃቄ ብዬ የጨመርኩት ቼክ ነው እንግዲህ ያንጠለጠላት።

ያስተካከልኩት በጎቱ፣ ኮዱን ወደ ሌላ መስመር በሚያዘልለው ትእዛዝ፣ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ጎቱ የጻፈ ማርክ ይቀነስበት ነበር። ከርነል ውስጥ ግን ስህተት ሲያጋጥም ወደ ታች ዘሎ፣ የያዙትን ሁሉ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ለቆ መውጣት የተለመደ ነው። ሙቴክሱ ተፈታ፣ ሁለተኛው ጥሪም አለፈ።

ልተኛ ስል የሜሞሪ ስህተትን የሚያጋልጠውን ስላብ ዲባግን አብርቼ አንዴ ልየው አልኩ። መዝገቤ ውስጥ 6ቢ 6ቢ 6ቢ የሚል ተደርድሯል። ከርነሉ የተለቀቀ ሜሞሪን የሚሞላበት ባይት ነው። የለቀቅኩትን መልሼ እያነበብኩ ነበር ማለት ነው። ላፕቶፑን ዘጋሁት። እሱ ለዛሬ ማታ።